የስምንት ፍሬ ቸርነት

ባዘዘው ለሰው «የለም» ማለት አይሆንለትም ነበር። ወንቃ ማርያም ከአማኑኤል ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ ደጋ ናት። እዚያ አገሬው ቆርቆሮ አዋጥቶ ያሠራት አንዲት ክፍል ክሊኒክ ነበረች፤ የክሊኒኳ ብቸኛ ድሬሰር ደግሞ እሱ ነው። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ኪኒን ያድላል። አገሬው ድሬሰር የሚለው ቃል ስላልጣመው «ሐኪም ባዘዘው» ይለዋል።

መድኃኒት የሚመጣለት በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። ከሣጥኑ ሁሉም የሚወደው ግማሽ ጎኑ ቀይ፣ ግማሽ ጎኑ ቢጫ የሆነውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ነበር። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ከዚህ በቀን አራት፣ ለአምስት ቀን፣ በጠቅላላው ሃያ ፍሬ መዋጥ እንዳለበት ባዘዘው ተምሯል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ቢሰጥ ሣጥኑ ወር አይሞላም። ደሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይቆማል። ስለዚህ ስምንት ስምንት ፍሬ ማደል ጀመረ። ለሁሉም ይዳረስ ብሎ ነው። በሽተኛው በሁለት ቀን ይነሣል፣ በሦስተኛው ቀን እርሻው ላይ ይታያል፤ ባዘዘውም ባለፈ ባገደመበት ይመረቃል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ክረምቱ ቀደም ብሎ ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ምንጭ ጎርፍ ገብቶበት ደፈረሰ። መጀመሪያ የታመመችው የቢተው ሚስት ሥራነሽ ነበረች። ቢተው በመንደሩ ቃሉ የሚሰማለት ገበሬ ነው፤ ባዘዘውን በአሥር ዓመት ይበልጠዋል። ሥራነሽ ስምንቱን ፍሬ ዋጠች፤ ደሙ አልቆመም። ባዘዘው አሥራ ሁለት ጨመረላት። በስድስተኛው ቀን ሆዷን በሁለት እጇ እንደያዘች ሞተች።

ባዘዘው መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አንዱን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን በምላሱ ቀመሰው። እንደ ወትሮው መራራ ነው። በሐምሌ አዲስ ሣጥን መጣ፤ ከእሱም ሰጠ፤ ያው ሆነ። ሐምሌ ሲጋመስ ስድስት ሰው ተቀበረ። ይህ ሕመም በየክረምቱ ሰው ያንገላታ ነበር እንጂ እንዲህ አይፈጅም ነበር።

ታላቅ እህቱ ማንጠግቦሽ ከክሊኒኩ ጀርባ ትኖራለች። እናታቸው ስትሞት ጥጥ እየፈተለች ያሳደገችው፣ ያስተማረችውም እሷ ናት። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ ሳይነካው ሲቀር አየችው።

«እስከ መቼ ነው ያንኑ ፍሬ የምታድለው?» አለችው።

«ሌላ ምን አለኝ፣ እታለም?»

«እግር አለህ። ተነሥና የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።»

በማግሥቱ ከሦስት በሽተኞች ዓይነ ምድር ወሰደ፤ በፈላ ውኃ ባጠባቸው የፔኒሲሊን ብልቃጦች ከቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አማኑኤል ወረደ። ከዚያ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ገባ። እዚያ አብሮት የተማረው እንዳላማው ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል።

እንዳላማው ብልቃጦቹን ተቀብሎ «ሦስት ቀን ጠብቀኝ» አለው። በሦስተኛው ቀን አንድ ክዳን ያለው የብርጭቆ ሳህን አምጥቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። በሳህኑ ላይ እንደ ስስ ቅባት የተነጠፈ ነገር አለ፤ በላዩ ላይ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ጣል ጣል ተደርገዋል።

«ይህ የተነጠፈው ሰዎችህን የያዘው ተሐዋስ ነው። እያንዳንዷ ወረቀት ላይ አንድ መድኃኒት ተነክሮባታል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ዙሪያዋ እንደ ተጠረገ አውድማ ጥርት ይላል። ይህቺ የአንተ ቴትራሳይክሊን ናት።»

ባዘዘው ጎንበስ ብሎ አየ። ተሐዋሱ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። የጎረቤቶቿም እንዲሁ። ከአምስቱ ወረቀቶች ዙሪያዋ የጠራው አንዲት ብቻ ነበረች።

«ስንት ፍሬ ነበር የምትሰጣቸው?» ሲል ጠየቀው እንዳላማው።

«ስምንት» አለ ባዘዘው።

«ከሃያው?»

«ለሁሉም እንዲዳረስ ብዬ ነው።»

እንዳላማው አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። «አንተ ብቻ አይደለህም። በየገበያው እንደ ስኳር እየተቸረቸረ አይደል? ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ቀን የሚሞተው ደካማው ነው፤ ደሙም የሚቆመው ለዚያ ነው። የቻለው ግን ይተርፋል። ቦታውም ለእሱ ብቻ ይለቀቃል፤ ዘሩም እንደ እሱ የቻለ ይሆናል። የባሰው ደግሞ፣ የቻለው ላልቻለው ችሎታውን ያካፍለዋል። ሲነካኩ ይሰጣጣሉ ብለው ጽፈዋል፤ ባዕድ ለባዕድ እንኳ።»

«እሺ፣ መድኃኒቱን ቻለው። መግደሉንስ ከየት አመጣው? አምና እንዲህ አልነበረም።»

«እሱን ሙሉ በሙሉ አላውቀውም። ያነበብሁትን ልንገርህ። ሆዳችን ራሱ ዘበኛ አለው። ጨጓራ በኮምጣጣው ያቃጥለዋል፣ ሐሞት ይፈጀዋል፤ አንጀታችን ውስጥ ቀድመው የሰፈሩ ደግ ተሐዋስያንም እንግዳውን ቦታ ይነሡታል። ይህኛው ዘር የጨጓራውን ኮምጣጣ ችሎ የሚያልፍ ነው፤ ሰው ለመታመም እፍኝ ሙሉ መዋጥ አያስፈልገውም፣ በጣት የሚቆጠር ተሐዋስ ይበቃዋል። ከዚያ የአንጀቱን ግድግዳ ሰብሮ ይገባል፤ እዚያ ተሸሽጎ መርዙን ይረጫል። እኛ ደግሞ በቴትራሳይክሊን ደጎቹን ጠርገን በሩን ከፈትንለት።»

ባዘዘው በእጁ ፊቱን ሸፈነ። የሥራነሽ እጆች ታዩት።

ዙሪያዋ የጠራው ወረቀት አምፒሲሊን የተነከረባት ነበረች። እንዳላማው ከዚህም ከዚያም ለምኖ ሁለት መቶ አርባ ፍሬ፣ ለሕፃናት ደግሞ በውኃ የሚበጠበጥ ጥቂት ጠርሙስ አገኘለት። ከመስጠቱ በፊት ግን እጁን ያዘው።

«ሁለት መቶ አርባ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ነው። ለሠላሳ አይደለም። ማልልኝ።»

ባዘዘው በማርያም ስም ማለ።

ወንቃ ማርያም ሲመለስ ፍልሰታ ገብቷል። ከሕፃናቱ ሌላ አርባ በሽተኛ በክሊኒኩ ግቢ ተኝቶ ጠበቀው። ሁሉም ወደ ሣጥኑ አዩ። ባዘዘው በሕይወቱ ከሠራው ሥራ የከበደውን ሥራ የዚያን ዕለት ሠራ። የጠርሙሱን መድኃኒት ለሕፃናቱ ሰጠ። ከአርባው አሥራ ሁለት ለየ፦ የሚያጠቡ እናቶችንና ትኩሳት የጠናባቸውን ልጆች። ለቀሩት ውኃ አፍልቶ፣ ጨውና ስኳር ለክቶ ጠጡ አላቸው። ጾም ነው ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም አሉት። የደብሩ ቄስ ግቢው ድረስ መጥተው «ለበሽተኛ ተፈቅዷል» ብለው ፈቱላቸው፤ ግማሾቹ ጠጡ፤ ግማሾቹ እንቢ አሉ።

እንቢ ካሉት አንዷ ማንጠግቦሽ ነበረች። እሷም ባዘዘው ደብረ ማርቆስ ሳለ ታማ ኖሯል።

«ቄሱ ቢፈቱልኝም እኔ ከእመቤቴ ጋር ቃል አለኝ» አለችው። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከፍሬዋስ ለእኔ አልደረሰኝም?» ስትል ጠየቀችው።

«አልደረሰሽም፣ እታለም።»

«ይሁን። ልጆቹ ይቅደሙ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሥራ ሁለቱ በቀን አራት ጊዜ እፊቱ ይውጡ ነበር። ከእነሱ አንዷ የቢተው ልጅ ጥሩነሽ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በሦስተኛው ቀን ደሟ ቆመ፤ አጥሚትም ጠጣች። የዚያን ዕለት ባዘዘው ፍሬውን ሰጥቷት ዘወር ሲል ከምላሷ ሥር አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥረው አያት። ቋጠሮውን ሲፈታው ሌላም ሁለት ፍሬ አገኘ።

ቢተው ከአጥሩ ሥር ብድግ አለ። «እኔ ነኝ ያዘዝኋት። አገሬ የምትባለው የወንድሜ ሚስት ቤቷ ውስጥ ደም እየተቀመጠች ነው። ልጄ ተሽሏታል፤ የቀረው ለአገሬ ይሁን።»

«አልተሻላትም፣ ጋሼ ቢተው። ደሙ ነው የቆመው። አሁን ካቋረጠች የቀረው ይጠነክራል፤ ለአገሬም ይህ ሦስት ፍሬ አያድናትም።»

«በሁለት ቀን ይበቃል ያልኸን አንተው አይደለህም? የተረፈውን ለጎረቤት ስጡ ያልኸን አንተ አይደለህም?»

ባዘዘው ሦስቱን ፍሬ ለጥሩነሽ መለሰላት።

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።»

«ሥራነሽ በስሕተትህ ነው የሞተችው እንግዲህ?»

«ሊሆን ይችላል። እኔም ከዚያ ወዲህ እሱኑ ነው የማስበው።»

ቢተው ሊመታው መሰለ። ግን ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ። ጥሩነሽ እያለቀሰች ሦስቱንም በየሰዓታቸው ዋጠች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ፣ አለሚቱ የምትባል አራስ፣ ዘግይታ በመጀመሯ ስድስት ፍሬ ብቻ ውጣ ሞተች። አሥራ አራት ፍሬ ተረፈ።

ባዘዘው አሥራ አራቱን በመዳፉ ይዞ ከእህቱ ራስጌ ቆመ። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስጣት፣ ስጣት ይለዋል ልቡ። አሥራ አራት ከስምንት ይበልጣል። ማን ያያል? ከዚያ መስኮቱ ሥር ያየው ሳህን ትዝ አለው። ያቺ ብቸኛ የጠራች ወረቀት እንደ ሌሎቹ በተሐዋስ ብትሸፈን፣ የሚመጣውን ክረምት ምን ይዘው ይጠብቁታል? ስድስት ፍሬ ብቻ ነው የጎደለው። ስድስት ፍሬ ደግሞ እንዳላማው አያጣም። ግን አስጀምሯት ሄዶ ጭቃና ጎርፍ መንገድ ላይ ቢያቆየው ያው መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ሃያው ሳይሞላ አላስጀምራትም አለ።

«እታለም፣ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ልምጣ። ሁለት ቀን ጠብቂኝ። ውኃውን ጠጪልኝ።»

«ሂድ» አለችው። ውኃውን ግን እንደምትጠጣ ቃል አልገባችለትም።

ጥሩነሽን «ሰዓቱን ጠብቀሽ ለሁሉም ስጪ፤ የዋጠውን ብቻ እመኚ» ብሎ በሣጥኑ ላይ ሾማት። ጭቃውን እየረገጠ ወረደ። መኪና በቀላሉ አላገኘም። እንዳላማው ለአንድ ባልደረባው ካስቀመጠው ላይ ስድስት ፍሬ ቀንሶ ሰጠው። ባዘዘው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሃያ ሙሉ ፍሬ በኪሱ ይዞ የመንደሩን ዳገት ወጣ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚመለሱ ሰዎች አገኙት። ሲያዩት ቆሙ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ማንጠግቦሽን ትናንት ቀብረዋታል።

መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ማንም አላስነሣውም። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ተቀምጦ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቢተው ወንድም ቤት ሄደ። አገሬ በሕይወት ነበረች። ኪሱ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ፍሬ አወጣ። አምስት ቀን ሙሉ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ እየሄደ ሃያውንም አስዋጣት። አገሬ ዳነች። ከአሥራ ሁለቱም ከአለሚቱ በቀር ሌላ የሞተ አልነበረም።

በማንጠግቦሽ የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ቢተው ከሰው ተለይቶ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«አሥራ አራቱን ብትሰጣት ትድን ነበር?» አለው ቢተው።

«እንዳላማውንም ጠይቄዋለሁ። ምናልባት፣ አለኝ።»

«እኔ ብሆን እሰጣት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ከቢተው የማጽናኛ ቃል አልወጣም፤ ባዘዘውም አልጠበቀም። መንደሩ ከዚያ ወዲህ «ልበ ደንጋዩ ሐኪም» ይለው ጀመር፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ካለፈ በኋላ። እሱም ይሰማል፤ ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ዝናቡ ሲያባራ ባዘዘው ከምንጩ በላይ ያለውን ሜዳ ዞሮ አየና ሰው እንዳይጸዳዳበት፣ ከብትም እንዳይገባበት ሊያጥረው ተነሣ። በመጀመሪያው ቀን የአጥሩን እንጨት የሚተክልበትን ጉድጓድ ብቻውን ቆፈረ። በማግሥቱ ሲመጣ ቢተው ቀድሞት ደርሷል፤ ዶማውን እያነሣ ይቆፍራል። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ባዘዘው በሌላው ጫፍ ያለውን ጉድጓድ ጀመረ።