ሰሞነኛው የተለወጠ ዕለት

እናትነሽ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበራትም። የወንድ ልጇ አርባ ቀን ደርሶ ክርስትና ሊነሣ ነው። የበኩር ልጇ አርባው ሳይሞላ ስለሞተባት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነበር የተቀበረው። ይህኛው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ጠላው ሲጨነቅ እሷ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፦ ውሃው ይንካልኝ።

ውሃውማ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው የክርስትና አባት ነው። ዳንግላ አጠገብ ባለችው በዚያች ደብር ሁለት ቄሶች በየሰሞኑ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ። ሁለቱም ክርስቶስ ፍጹም አምላክ፥ ፍጹም ሰው ነው ይላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው፥ እስከዚህ ድረስ ተስማምተዋል። ጠቡ አምላክ ሰው ሲሆን ሥጋ በምን ከበረ የሚለው ላይ ነው። ቄስ አድማሴ «ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ፥ በተዋሕዶ» ይላሉ። ቄስ ሽባባው «በመንፈስ ቅዱስ ተቀብቶ፥ በቅብዐት» ይላሉ። ነገሩ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው፤ እነሱ ግን አንዳቸው የሌላውን በሬ ትናንት የሰረቀ ያህል ትኩስ አድርገው ይዘውታል። የክርስትና አባት የሚሆን ሰውም ይህን ሳይመልስ ሕፃን አያቅፍም።

የታጨው ወርቅአየሁ ነው፤ የባሏ የአየነው ወዳጅ፥ የቆሰበር ፈረስ ነጋዴ። ፈረስ በአማርኛ ይሸጣል፥ ከልጆቹ ጋር በአገውኛ ይጫወታል፤ ስለ መለኮት ግን በሁለቱም አፉን ከፍቶ አያውቅም። ሰሞነኛው ቄስ ሽባባው መሆናቸውን አጣርታ እናትነሽ ራሷ አስጠናችው።

«በምን ከበረ?»

«በቅብዐት።»

«ጮኽ በል እንጂ ወንድሜ!»

«ኧረ እህቴ፥ እኔ ፈረስ እንኳ እንዲህ አድርጌ ገርቼ አላውቅ።»

በዕለቱ ማለዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። ልጁ ስለሚቆርብ ጡት አልቀመሰም፤ ያለቅሳል፥ ያስላል። ከውስጥ ብቅ ያሉት ቄስ አድማሴ ናቸው። ቄስ ሽባባው ለለቅሶ ወደ አዘና ስለወረዱ ሰሞን ተለዋውጠዋል። ለእናትነሽ የነገራት የለም፤ የእሷ ነገር መለኮትን አይነካ!

ወርቅአየሁ ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፤ ሰይጣንን መካድ ቀላል ነው። ወደ ምሥራቅም ዞሮ አመነ። ቄስ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሥጋ በምን ከበረ?»

እናትነሽ ዐይኗን አፍጥጣ ራሷን ወዘወዘችለት። እሱ እንደለመደው «ጮኽ በል» ያለችው መሰለው።

«በቅብዐት!» አለ፤ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ተነሡ።

«ሕፃኑን ለእናቱ መልስ።»

«አባቴ፥ ሌላ መልስም አለኝ፤ ይኸኛው ካልተስማማዎ...»

«ሃይማኖት የቆሰበር ገበያ መሰለህ?»

ይህን ጊዜ ቄስ ሽባባው ከኤንትሬ መኪና ወርደው አቧራቸውን እያራገፉ ደረሱ። ጩኸቱን ከመንገድ ሰምተውታል።

«ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የመለሰው?»

ከዚያ ወዲያ ሕፃኑን ያስታወሰው የለም። አንዱ «አርዮስ!» ሲል ሌላው «ንስጥሮስ!» ይላል። እናትነሽ ሁለቱንም አታውቃቸውም፤ ስማቸው የሚነሣው ጠብ ባለበት ሁሉ ስለሆነ ግን ደህና ሰዎች እንዳልነበሩ ትጠረጥራለች።

«በገዳመ ቆሮንቶስ በሥጋው ተርቧል!» አሉ ቄስ አድማሴ።

«መራቡንማ ማን ካደ?» አሉ ቄስ ሽባባው።

የራበው ሕፃን በእናቱ ዕቅፍ ሆኖ ከመካከላቸው ይጮኻል። ኋላ ግን ጩኸቱ እየሰለለ፥ ከንፈሩ እየጠቆረ ሄደ።

«አባቶቼ፥ ልጄ ሊሞትብኝ ነው!»

«ሃይማኖቱ የቀና ሌላ ሰው አምጪ» አሉ ቄስ አድማሴ። «እኔም ልጠይቀው» አሉ ቄስ ሽባባው።

እናትነሽ ግቢውን ቃኘች። ከደወሉ ሥር አያ ነጋ ተቀምጠዋል። ደወሉን ሲደውሉ ኖረው ጆሯቸውን ወስዶባቸዋል፤ የሚናገራቸውን ሰው ሁሉ ቅር እንዳይለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሸኛሉ። ይህን የማያውቅ የደብሩ ሰው የለም፤ ቄሶቹም ያውቃሉ። ሮጣ በክንዳቸው ይዛ አመጣችና ልጁን አስታቀፈቻቸው።

«አያ ነጋ፥ በተዋሕዶ አይደለም?» አሉ ቄስ አድማሴ።

ነቀነቁ።

«በቅብዐት አይደለም?» አሉ ቄስ ሽባባው።

አሁንም ነቀነቁ።

ሁለቱም እንዳሸነፈ ሰው ፈገግ አሉ። አያ ነጋ ሕፃኑን እያዩ ብቻቸውን ይስቃሉ።

ልጁ ውሃው ሲነካው ነፍሱ የተመለሰች ያህል ጮኸ። ኀይለ ኢየሱስ ተባለ፤ ቆረበም። እናትነሽ ከግንቡ ሥር ዘፍ ብላ ጡቷን አጎረሰችው። ወርቅአየሁ ፈረሱን እየሳበ መጣ።

«እንግዲህ ያን ሁሉ ጥናቴን የት ልውሰደው?»

«ለምትሸጠው ፈረስ አስተምረው» አለችው። እየሳቀች ዕንባዋ ይወርዳል።

ቄሶቹ ግን አያ ነጋ የነቀነቁት ለማን እንደሆነ እንደገና ይዘውታል። ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። ልጁ ጡቱን ለቆ ተንፈራገጠ። ከነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ቀና ብላ ቆማ የማታውቀው እናትነሽ ከተቀመጠችበት ጣቷን ቀሰረች።

«እባካችሁ አባቶቼ፥ ዝግ በሉልኝ! ልጄ ሊተኛ ነው።»

ደነገጡ፤ ተያዩ። በሹክሹክታ ቀጠሉ።