ላባ ቀይራ የማትጨርስ ወፍ

ጓን የሚፈራው ሞትን አልነበረም። ሞትማ በእሱ ዕድሜ እንደ ጎረቤት ነው፤ ቢመጣም ቁጭ በል ይለዋል። የሚፈራው ማስነጠስን ነበር። የራሱን አይደለም፣ የማንቱን።

ማንቱ ትንሽ ውሻ ናት። ጸጉሯ እስከ መሬት የሚደርስ፣ ዓይኗ ጎላ ያለ፣ ፊቷ ገና ከእንፋሎት ሳይወጣ በአውራ ጣት የተጫኑትን ዳቦ የሚመስል። ስሟም ከዚያው ዳቦ የመጣ ነው። አፍንጫ ተብሎ የተሰጣት ነገር በሁለቱ ዓይኖቿ መሀል ገብቶ ስለቀረ፣ ስትተኛም ስትበላም ታንኮራፋለች፤ ደስ ሲላት ደግሞ ታስነጥሳለች። ቤጂንግ ውስጥ ውሻ ማሳደግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን፣ ጎረቤት ሲያዛጋ በሚሰማበት ግቢ ውስጥ፣ እንዲህ ዓይነቷን መደበቅ እብደት ነው። ጓንም እብደት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ግን ምን ያድርግ? ባለቤቱ ሹዪን አልጋ ላይ እንዳለች፣ ልትሞት አንድ ሐሙስ ሲቀራት፣ ከሰፊው እጅጌዋ ውስጥ አውጥታ «አደራ» ብላ የሰጠችው እሷን ነው። ልጅ አልነበራቸውም። አደራ የተባለ ነገር ደግሞ ሰው ስለፈራ ብቻ የሚመለስ አይደለም።

ስለዚህ ፈርቶ ይኖራል። ጠዋት ጉበት ቀቅሎ በማንኪያ ጀርባ እየደፈጠጠ ይፈራል። ከዓይኗ ሥር ያለውን እጥፋት በቀዘቀዘ ሻይ በተነከረ ጥጥ እየጠረገ ይፈራል። አንድ ቀን የግቢው ቧንቧ ጋ ውሃ ሊቀዳ ተሰልፎ ሳለ፣ ማንኮራፋቷ በመስኮቱ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ቢየን የምትባለው ወጣት ጎረቤቱ ጀሪካኗን አስቀምጣ ዞረች።

«ጋሽ ጓን፣ እርስዎ እዚህ ቆመዋል። እንቅልፍዎ ቤት ቀረ እንዴ?»

«ሬዲዮው ነው፣ ልጄ። ተበላሽቷል።»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። ጓንም አብሮ ሳቀ፤ ምላሱ ግን እንደ ጨርቅ ደርቆ ነበር። ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ቢየን ክፉ ናት ማለት ይከብዳል፤ ያየችውን ሳትናገር ማደር የማትችል ሰው ነበረች፤ ይህ ደግሞ ከክፋት አይሻልም። ከወዲያኛው መንገድ የአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ውሻ በጆንያ የተወሰደችው በእሷ ጥቆማ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ጓን ጩኸቱን በሩን ዘግቶ ሰምቷል። ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራው የጩኸቱ መቆም ነበር።

እንስሳ ግን አየር ሳያይ አይኖርም። ጓን ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበርና፣ መላውን ከሙያው አገኘ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ የቀርከሃ የወፍ ቤታቸውን በሰማያዊ ጨርቅ ሸፍነው፣ እያወዛወዙ ወደ ውሃው ዳር ይሄዳሉ። ወፏ እግሯ እንዲጠነክር መወዛወዝ አለባት። እዚያ ሲደርሱ ቤቶቹን ዛፍ ላይ ሰቅለው ጨርቁን ያነሱና፣ ወፎቹ ሲዘምሩ እነሱ ሲጋራ ያጨሳሉ። ጓን በአንድ ወቅት የሠራውን ትልቅ የወፍ ቤት አወጣ፣ በውስጡ ያለውን መቆሚያ ነቀለ፣ ወለሉን በጥጥ ደለደለና ማንቱን አስገባት። ጨርቁን ለምን እንደማያነሳ ሲጠይቁት «ላባዋን እየቀየረች ነው» ይላል። ላባ የምትቀይር ወፍ ብርሃን አይስማማትም፣ አትዘምርምም። ይህንን የማያውቅ ሽማግሌ እዚያ ሰፈር የለም። መጀመሪያ አካባቢ መወዛወዙ ማንቱን ያስመልሳት ነበር፤ ኋላ ለመደችው። ራቅ ብሎ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ይቀመጥና የጨርቁን ጫፍ ገለጥ ያደርግላታል። እሷም ያንን ጠፍጣፋ ፊቷን አውጥታ የውሃውን ሽታ ትስባለች። ጓን በቀን ውስጥ የማይፈራባት ጊዜ ያቺ ብቻ ነበረች።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ግን ጓን ከውሃው ዳር ለመመለስ ዘገየ። ሰማዩ እንደተከደነ ድስት ሆኖ ወበቁ ከመሬት ይነሣ ነበር። አፍንጫ የሌለው ፍጡር ወበቅ እንደማይችል ያውቃል፤ ሹዪን ደጋግማ ነግራዋለች። እግሩ እስኪደናቀፍ እየፈጠነ ወደ ሰፈሩ መግቢያ ሲደርስ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር እትዬ ሉዋን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፎሶሊያ ትቆርጣለች። ከጎኗ ቢየን አለች።

እትዬ ሉዋን የሰፈሩ ኮሚቴ ናት። ክንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች፤ ጨርቁ ሳይኖርም ሰው ይፈራታል። የማን ባል አምሽቶ እንደገባ፣ የማን ምድጃ እንደሚያጨስ ታውቃለች።

«ጓን! ና እስቲ። ምን ያስሮጥሃል? ቤትህ ተቃጠለ?»

«አይ፣ እትዬ ሉዋን... ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀት ምንህን ይበላል? አጥንት ብቻ ነህ። ቁጭ በል።»

እትዬ ሉዋን ቁጭ በል ብላ ያልተቀመጠ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ጓን ተቀመጠ። የወፍ ቤቱን በጉልበቶቹ መሀል አደረገው።

«ወፍህ እንዴት ናት?»

«ላባዋን እየቀየረች ነው።»

«አሁንም?» አለች ቢየን። «ጋሽ ጓን፣ እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጄም ጥርስ አወጣ። የእርስዎ ወፍ ላባ ቀይራ አልጨረሰችም!»

እትዬ ሉዋን አልሳቀችም። አንዱን ፎሶሊያ ቆርጣ ውሃ ወደሞላው ሳፋ ጣለች። «የከተማ አየር አይሆናትም። ሁዋይሮው ተራራ ሥር ወንድም አለኝ፣ ፖም ተካይ ነው። ወፍ ይወዳል። እንዲህ ላለችው ወፍ የዚያ አገር አየር ነው መድኃኒቱ። አውቶቡስ እንደሆነ ከቀትር በፊት አለ።»

ጓን የወፍ ቤቱን በጉልበቶቹ ጠበቅ አደረገው። አውቃለች ማለት ነው። አውቃ ነው ድመት በአይጥ እንደምትጫወት የምትጫወትበት።

«ከእኔ ሌላ ሰው አትለምድም» አለ።

«ትለምዳለች። ዛሬ ብትሄድ ነገ ትለምዳለች። ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ እንግዶች አሉብን፤ ሰፈሩን ማጽዳት አለብን። ሰማህ? ከሰዓት በኋላ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አልሰማህም» አለች፣ ቢየንን በዓይኗ ጥግ እያየች። ከዚያም ስለ ወንድሟ ፖም፣ ስለ ወንድሟ ሚስት፣ ስለ አውቶቡሱ መነሻ ታወራ ጀመር። ጓን ከዚያ ሁሉ የያዘው አንዲት ቃል የለም። ጆሮው ከጉልበቶቹ መሀል ነበር። በጨርቁ ውስጥ የማንቱ ትንፋሽ መፍጠን ጀምሯል። ድምፁን ለመሸፈን ሳለ። ደግሞ ሳለ። ትንፋሿ እንጨት ላይ እንደሚመላለስ መጋዝ ሆነ፤ በቀርከሃው በኩል ጉልበቱን አንቀጠቀጠው።

«ጉንፋን ይዞዎታል፣ ጋሽ ጓን?» አለች ቢየን። ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር።

«ትንሽ።»

ልነሣ ይልና ይተወዋል። ብነሣ ቢየን ትከተለኛለች ይላል። ጨርቁን ባነሳው ቢየን አለች፤ ባላነሳው... እትዬ ሉዋን ወሬዋን ልትጨርስ ነው፣ አሁን ትጨርሳለች፣ ትንሽ ልታገሥ ይላል። ላቡ በዓይኑ ውስጥ ገባ።

ከዚያ መጋዙ ቆመ።

ማንቱ በሕይወት እያለች ዝም ብላ አታውቅም። ጓን ያንን ከመንገዱ ማዶ የሰማውን ዝምታ በጉልበቶቹ መሀል ሰማው። ፍርሃት ምን ያህል ሞኝ እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ገባው፤ ከሰው እጅ ላስጥላት ሲል በገዛ እጁ እየገደላት ነው። «ሹዪን፣ ይቅር በይኝ» አለና ጨርቁን ገፈፈው።

ማንቱ በጎኗ ተጋድማለች። ምላሷ ሰማያዊ ሆኖ በቀርከሃው መሀል ወጥቷል።

ቢየን በርጩማዋን ገልብጣ ብድግ አለች። «ውሻ! አላልኩም? ውሻ ነው! ሰዎች፣ ኑ እዩ!»

እትዬ ሉዋን ሳፋውን ከነፎሶሊያው አንሥታ በወፍ ቤቱ ላይ ገለበጠችው። «ሞታ ብትጠብቃቸው ለውሻ አዳኞቹ ምን ላሳይ ነው? ሬሳ?» ብላ ጮኸች። ጓን ግን ማንንም አልሰማም። ተንበርክኮ በሩን ከፈተ፤ ሹዪን እንዳሳየችው አገጯን ቀና አድርጎ ያዘ፣ ምላሷን ወደ ጎን ሳበ፣ መዳፎቿን በውሃው አሸ። ፎሶሊያ በጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም የለም። ደግሞ አሸ። ከሆዷ አንድ ቀጭን ትንፋሽ ወጣ፤ ቀጠለ።

ማንቱ አስነጠሰች።

ጓን ስንት ዘመን ሲፈራው የኖረውን ድምፅ ሰምቶ፣ በሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ይበቃል!» አለች እትዬ ሉዋን። ቀዩን ጨርቅ ክንዷ ላይ አስተካክላ የወፍ ቤቱን ከእጁ ነጠቀች። «በሰፈሩ ኮሚቴ ስም ይቺ ውሻ ተይዛለች። ቢየን፣ እንግዶቹ ሲመጡ ኮሚቴው ራሱ ወስዶ ጨርሷል በያቸው። አንቺ ነሽ ምስክሯ።»

ቢየን ምስክር መሆኗን ስትሰማ ደረቷን ነፋች።

«እትዬ ሉዋን፣ በእናትዎ! በወለደችዎ እናት! እኔን ይውሰዱኝ...»

«አንተን ማን ይፈልግሃል?» አለችና ሰማያዊውን ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። «እንካ፣ ይሄን ራስህ ተሸፋፈንበት።» ሄደች። ጓን በእንባው ውስጥ ያያት ጀርባዋን ነበር። የወፍ ቤቱን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር የምትሄደው፤ አታወዛውዘውም ነበር። እሱ ግን ያንን ነገር ለማሰብ የሚሆን ልብ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ቆመጥና የሽቦ ማነቂያ የያዙ ሰዎች፣ ከፊታቸው ቢየን። አልጋውን ገለበጡ፣ የልብስ ሳጥኑን በረበሩ። አንዱ ከምድጃው አጠገብ ጉበት የቀረበትን ሳህን በጫማው ጫፍ ነካው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ጓን። ሳህኑን አንሥቶ የተረፈውን ጉበት በፊታቸው በላው። ለምን እንደበላው ራሱም አያውቅም፤ የሚደበቅ ነገር ከእንግዲህ አልነበረውም።

«ኮሚቴው ወስዶ ጨርሷታል፣ እኔ ምስክር ነኝ» አለች ቢየን።

«እንግዲያው ለምን አደከማችሁን?» ብለው ሄዱ።

ጓን የተገለበጠውን አልጋ አላቀናም። ወለሉ ላይ፣ ማንቱ ሆዷን የምታቀዘቅዝበት ድንጋይ አጠገብ፣ ጨርቁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጨርሷል የሚለው ቃል በጭንቅላቱ ይመላለሳል። በቆመጥ ይሆን? በጆንያ ይሆን? አስነጥሳባቸው ይሆን? ማንቱ እንደሆነች ሰው ስታይ ደስ ይላታል፣ ቆመጥ የያዘም ቢሆን።

ሲመሻሽ የግቢው በር ተንኳኳ። የእትዬ ሉዋን ድምፅ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ተሰማ። «ጓን! ጉዳይህ አልቋል! ሁለተኛ እንዳይለምድህ!»

ቤቱ ድረስ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። የወፍ ቤቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ባዶ ነበር። አንድ የደረቀ ፎሶሊያ ቀርከሃው መሀል ተሰንቅሯል። እትዬ ሉዋን የልብስ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የገጠር አቧራ ለብሷል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፖም ተካዩ ወንድሜ ጉበቱ ላይ ጨው ይደረግበታል ወይ ብሎሃል።»

ጓን ባዶውን የወፍ ቤት፣ ከዚያም አቧራማ ጫማዋን አየ።

«ደነቆርክ? ከወንበሬ ሥር ሆና መንገዱን ሙሉ ስታንኮራፋ ነው የሄደችው። ትኬት ቆራጩ ማን ነው የሚያንኮራፋው ቢል፣ እኔ ነኝ፣ ነቅቼ ነው የማንኮራፋው አልኩት።» ተረከዟን አሸች። «ጠዋት በዚያች ወሬኛ ፊት በምን አፌ ልንገርህ? ዛሬ አልኩህ፣ ከቀትር በፊት አልኩህ፤ አንተ ላባ ላባ ትለኛለህ። ለመሆኑ ያ ሁሉ ሽማግሌ ውሃው ዳር የማያውቅ መስሎህ ነው?»

«ጨው አይስማማትም» አለ ጓን። «ፊቷን በቀዘቀዘ ሻይ ይጥረግላት፤ ከዓይኗ ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ። ሆዷን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ያስተኛት። እንድትሮጥ አይተዋት፤ ደስ ሲላት ልሩጥ ትላለች።»

«እነግረዋለሁ። ሌላስ?»

ጓን ጭኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ አየው።

«ሲሞቅ» አለ፣ «ሲሞቅ ጨርቅ እንዳይሸፍንባት።»