ሠላሳ ስምንት ወይን ጠጅ

ወይዘሮ ዘርፌና ወይዘሮ የሺመቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሙሽራ ጓደኛ የሚገባውን ሥርዓት በዘመናቸው ለይተው አኑረው ነበር፤ እንሶስላ ወቅጦ የሙሽራይቱን እጅና እግር ማቅላት፣ ከበሮ መምታት፣ ስትሄድም ከልብ ማልቀስ። ከዚያ አልፎ አንዲት ክር መጠየቅ ነውር ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ሥራነሽንና ወንጌላዊትን ግን ሌላ ዘመን ገጠማቸው።

ነገሩ በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ነው። ወንጌላዊት በጥር ደብረ ማርቆስ ላይ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ሥራነሽ ደምበጫ መምህርት ናት። ሁለቱ አንደኛ ክፍል ሳሉ፣ አንዷ ስታገባ ሌላዋ ዋና ሚዜ ልትሆን ተማምለዋል። ስለ መሐላው ስትል ሥራነሽ ከኅዳር ጀምራ በየቅዳሜው በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ድረስ እየተንገላታች ለቪዲዮ የሚሆን ጭፈራ ስትለማመድ ከረመች። ተረከዙ እንደ ምስማር የቀጠነ ጫማ ገዛች። ቅንድቧንም ተቀነደበች፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቿ ሳትቆጣም የተቆጣች እየመሰላቸው ጸጥ ይሉላት ጀመር።

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው የሙሽራይቱ ታናሽ ወንድም፣ የኮሌጅ ተማሪው ድረስ፣ በትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለ።

«እኅትዓለም፣ ወንጌል ጊዜ የላትም፤ የጻፈችውን ላንብብልሽ። ‹ሥራነሽ፣ ወይን ጠጅ፣ ሠላሳ ስምንት።› በቃ።»

«ሠላሳ ስምንት ምን?»

«ጠርሙስ ነዋ! በእንስራ ልትሸከሚው ነበር?»

«እባክህ እሷን ጠይቃት።»

«ምኑ ይጠየቃል? አማርኛ እኮ ነው! ዋና ሚዜ ሆነሽ እጅሽን እያወዛወዝሽ ልትመጪ ኖሯል?»

ይህች የመጨረሻዋ አንጀቷን ወጋቻት። እምቢ ብትል መሐላው ፈረሰ፤ እሺ ብትል እሷ ፈረሰች። የራሷን መፍረስ መረጠች። አባቷ የሰጧትን ጊደር ሸጠች፤ የደምበጫን መሸታ ቤቶች አንድ በአንድ አዳረሰች። መምህርቲቱ ይህን ሁሉ ወይን ምን ልታደርገው ነው የሚለው ወሬም ከጠርሙሱ ቀድሞ ከተማውን ሞላው።

በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ነጭ የሀገር ልብሷን ለብሳ ማርቆስ ገባች። ከመናኸሪያ የተሳፈረችበት ጋሪ ድንጋይ ረግጦ ሲዘል ሦስት ጠርሙስ ጭኗ ላይ ተሰበረ። ከወገቧ እስከ እግሯ ወይን እያንጠባጠበች ሰርግ ቤት ስትደርስ፣ ሌሎቹ አራት ሚዜዎች ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሰው ተሰልፈዋል።

«ቀሚስሽስ?» አለች ሙሽራይቱ።

«የምን ቀሚስ? ይኸው ወይን ጠጅሽ፤ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀረ።»

«ቀለሙን ነው ያልኩት እኮ! ሠላሳ ስምንትም የቀሚስ ልክ ነው!»

«የእኔ ልክ አርባ ሁለት ነው።»

«እስከ ሰርጉ ትከሻለሽ ብዬ ነዋ!»

ሥራነሽ የጠርሙሶቹ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ጫማዎቿን አወለቀችና ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«ወንጌል፣ ጊደሬን ሸጬ ነው የመጣሁት። ሥጋዬን ግን አልሸጥም። ሌላ ሚዜ ፈልጊ።»

ከጓዳ የወጡት የሙሽራይቱ አክስት እትዬ አይናዲስ የሥራነሽን ቀሚስ የራሰውን ጠርዝ አነሡና ከአንዷ ሚዜ ቀሚስ ጋር አስተያዩት።

«ቀለሙስ ልክ ወጥቷል። ነጩ የቀረው ከላይ ነው፤ ምን ያንጫጫችኋል? ንከሩት!»

ወንጌላዊት ቀለበቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ አራት ጠርሙስ በሳፋ ገልብጣ የጓደኛዋን ቀሚስ በገዛ እጇ ነከረች። እያሸች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ታሻለች። ስትጨርስ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ ነበር።

«እሰይ!» አሉ እትዬ አይናዲስ። «ከእንሶስላውም በዚሁ ተገላገልን።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሥራነሽ ናት። ወዲያው ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወደ በሩ ዞረች፤ ድረስ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል።

«አንተ የአማርኛ ሊቅ፣ ወረቀቱን እስቲ አሁን አንብብልኝ።»

ድረስ ወረቀቱን አውጥቶ ገለጠው።

«ጠርሙስ የሚል የለበትም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። «ጠይቃት ስትይኝም አላዋቂ እንዳልባል ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኅትዓለም።»