ተሸካሚ የለም

ቀያሹ ውጭ ሲውል የሰውን ድንበር የሚለይ፣ ቤቱ ሲገባ ግን የራሱን ድንበር የማያውቅ ሰው ነበር። ደህና የሚሠራ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል። የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት ላሻሽለው ብሎ ከፈታው ወዲህ ሰዓቱ የተሰቀለው ለጌጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተራው የኮምፒውተሩ ሆነና ዊንዶውስን ከላዩ ላይ ጠርጎ አውጥቶ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ጫነበት።

«ነፃ ነው እኮ!» አላት ሚስቱን፣ አዲስ ልጅ የተወለደለት ይመስል እየተፍለቀለቀ። «ውስጡን ማንም ሰው ከፍቶ ማየት፣ ማረም ይችላል። ባለቤቱ ሁሉም ሰው ነው።»

«ታዲያ ሲበላሽ የሚጠየቀው ማነው?»

ያን ዕለት ስቆ አለፈው። ዛሬ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። አምና ለከፍተኛ የአዋላጆች ትምህርት ያመለከተችበት ፖስታ መንገድ ላይ ተንገላቶ ዘግይቶ ደረሰና ቀረች። ለወራት «ለበጎ ነው» እያለች፣ ለበጎ እንዳልሆነ ግን ፊቷ እየተናገረ ከረመች። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ የሚቀበለው በኢሜይል ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ፣ ቢሮ እስኪዘጋ። ጽፋ የጨረሰችው ማመልከቻ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሏል። የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤት እንዳይሄዱ ባለቤቱ ሊያገባ ሄዶ በሩን ቆልፎታል። ያለቻቸው ተስፋ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችው፣ ግንባሯ ላይ ቀያይ መብራቶች የተደረደሩባት ጥቁር ሣጥን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የምታገናኘው ሞደም ብቻ ነበረች። ሞደሟም ዊንዶውስ ከሄደ ጀምሮ አኩርፋለች።

«በምሳ ሰዓት ያልቃል፤ ለዚህ ብለሽ አትጨነቂ» አላት ጠዋት።

ከዚያ ጀምሮ ትዕዛዝ ይልካል፣ መልስ የለም። ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፣ መልስ የለም። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ስር ገብቶ፣ ሲወጣ ጭንቅላቱን ተጋጭቶ፣ መመሪያውን እንደ አዲስ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ጉዱ ታየው። ለካ ሊኑክስ ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እሱ አንደኛ ብሎ የጻፈው መሰኪያ ለሊኑክስ ሁለተኛው ነው፤ እዚያ ላይ የተሰካው ደግሞ ማውሱ ነበር። ቀያሹ ጠዋቱን ሙሉ «ስልክ ደውል» እያለ ሲያዝ የዋለው ማውሱን ነው።

ይህን ለሚስቱ ባይነግራት ይሻለው ነበር፤ ግን ደስታው አፉን አስከፈተው።

«ታዲያ አይጧ ለማን ደወለችልህ?» አለች።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ቁጥሩ ሲስተካከል ሞደሟ ነቃች፣ መብራቷም በራ፤ መስመሩ ግን እምቢ አለ። እዚህም ላይ ቀያሹ ጥሩ አድርጎ ደከመ። ሞደሟ ቁጥር የምትደውለው በዘመናዊው መንገድ፣ በዜማ ነው። የሰፈሩ ስልክ ጣቢያ ግን ያረጀ ስለሆነ ቁጥሩ አንድ በአንድ ካልተንኳኳለት አይገባውም። መፍትሔው የአንዲት ፊደል ለውጥ ነበረች። ፊደሏን ቀይሮ «ኢንተር» የሚባለውን አስገቢ ቁልፍ ሲጫን ሞደሟ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ጀመረች። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ ቀጭን ፉጨት መጣ። ቀጥሎ ጅራቷን የተረገጠች ድመት የመሰለ ጩኸት ቤቱን ሞላው።

«ይኸው! ይኸው! እየተነጋገሩ ነው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ጩኸቱ ቋ ብሎ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን አለ?» አለች ሚስቱ።

«ተሸካሚ የለም ነው የሚለው።»

«ምን? ተሸካሚ የለም?» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይሄን ሁሉ ዓመት አንተን የተሸከምኩት እኔስ?»

«መልእክቱን የሚሸከም ድምፅ ጠፋ ማለቱ ነው እንጂ...»

«ገብቶኛል። ሞክር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ደጋግሞ ሞከረ። ጠቅ ጠቅታው ይመጣል፣ ፉጨቱ ይመጣል፣ ጩኸቱ ይጀምራል፣ ከዚያ ቋ! ተሸካሚ የለም። ፍጥነቱን ቀነሰ። የይለፍ ቃሉን እንደገና ጻፈ። ሞደሟን ሞቋት እንደሆነ ብሎ በጋዜጣ አራገበላት። በመጨረሻ ግንባሩን እየጠረገ፣ «ሥርዓቱን ከመሠረቱ እንደገና መገንባት ሳይኖርብኝ አይቀርም» አለ።

«ቤት እንገነባለን ስትለኝ ነበር የከረምከው። በዚህ ተለማመድበት» አለችው። ቃሏ ቀልድ ነበር፤ ድምጿ ግን ቀጠነ። ቀያሹ ዞር ብሎ ሲያያት ዓይኖቿ ውኃ አቅርረዋል። አምናም እንዲህ ሆና ነው የፖስታ ደረሰኙን የቀደደችው። ያን ጊዜ ፖስታ ቤቱን ሲረግም ውሎ ነበር፤ ዛሬ የሚረግመው ሰው ከራሱ በቀር አልነበረም።

«አንዴ ብቻ ልሞክር» አለ፣ ቀስ ብሎ።

አሁን ሚስቱ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሞደሟ ላይ ደቀነች። ጩኸቱ እንደ ልማዱ ጀመረ። ከመቋረጡ በፊት ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሞደምህ አይዞሽ አለኝ!»

«ምን?»

«አይዞሽ! በእናቴ ድምፅ!»

ተያዩ። ከዚያ ደረጃውን እየተሽቀዳደሙ ወረዱ።

ምድር ቤት የምትኖረው አማቱ ናት። የስልኩ መስመር አንድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሞደሟ፣ ሌላው ጫፍ ላይ በእሷ አልጋ ራስጌ የተቀመጠው ባለ መዘውር ስልክ። ሞደሟ ቁጥር ባንኳኳች ቁጥር የዚያ ስልክ ቃጭል «ቲን ቲን» ይላል። አማቱ ደግሞ ያ ስልክ ቲን ሲል ሁለተኛውን ቲን የምትጠብቅ ሰው አልነበረችም፣ ታነሣዋለች፣ የሞደሟም መስመር ይቋረጣል፤ ከታናሽ እህቷ ጋር ከተኳረፈች ዓመት አልፏታል። የጠባቸው መነሻ የእናታቸው የስፌት መኪና ነው፤ አንዷ «የኔ ነው» አለች፣ አንዷ «የኔ ነው» አለች፣ መኪናውም ዕቃ ቤት ገብቶ ዛገ። ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ እሷ ትደውል» እያሉ ሁለቱም ስልክ ስልካቸውን ይጠብቃሉ።

ሲገቡ አማቱን አልጋዋ ጫፍ ላይ መነጋገሪያውን እንደያዘች ተቀምጣ አገኟት። ጉንጯ ርሷል፣ ፊቷ ግን ወለል ብሎ በርቷል።

«ደወለች!» አለች። «እህቴ! ዛሬ ስንቴ ደወለችልኝ መሰላችሁ! ገና ሃሎ ስላት ልቅሶዋን ትለቀዋለች። ያ የልጅነት ልቅሶዋ፣ መጀመሪያ ታፏጫለች፣ ከዚያ እሪ ትላለች። እኔም አይዞሽ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ፣ ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ። አፍራ ዝም ትላለች።»

ቀያሹ አፉን ከፈተ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ እኮ ሞ...»

ሚስቱ እግሩን ረገጠችው።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ሞ... ሞቅ ያለ ሻይ ላምጣልዎ ወይ ልል ነው።»

«ምን ሻይ! እኔው ልደውልላት ነው። እሷ ይሄን ያህል ተሸንፋ እኔ ከዚህ በላይ ልኩራ?»

ሚስቱ የባሏን የእጅ ሰዓት አየች። ቢሮው ሊዘጋ የቀረው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ መስመሩ አንድ ነው፤ እናቷ ደግሞ ስልክ ከያዘች አትለቅም። «እማዬ፣ ትንሽ ቆይተሽ ደውዪ» ለማለት አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ቀያሹ ቃሉን ከአፏ ጠበቀ። እሷ ግን የእናቷን እጅ አየች፤ መዘውሩን ልታዞር ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከትታለች።

«ደውዪ እማዬ» አለች፤ ወደ ባሏም ዞር ብላ «ዝም በል» አለችው፣ እሱ ምንም ሳይናገር።

ስልኩ ጠራ። አክስትየዋ ሽቦ ካልጮኹበት የማይሰማ የሚመስላት ሰው ስለሆነች ድምጿ ከመነጋገሪያው አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«ሃሎ! ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አማቱ። «በቃ፣ አታልቅሺ። ዛሬ ስታለቅሺ ነው የዋልሽው።»

ቀያሹ አሁን ነው ጉዱ የሚፈላው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች አክስትየዋ። አሁን አልጮኸችም።

«እንዴት አወቅሽ ትላለች! እየደወልሽ ዝም ስትዪስ?»

ከወዲያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስትየዋ በመጨረሻ። «አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው።»

ከዚያማ ሁለቱም ባንዴ ማውራት ጀመሩ፤ ማን ምን እንደሚል መለየት አልተቻለም። የስፌት መኪናውን አንዷ «ውሰጂው» አለች፣ ሌላዋ «ሞቼ ነው፣ ላንቺ ይሁን» አለች፤ በዚህም ሊጣሉ ትንሽ ቀራቸው። ሚስቱ ፊቷን አዙራ ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ አበሰች። ቀያሹም የሰዓቱን ጉዳይ ከማንሣት ታቀበ፤ በትዳር ዘመኑ ከፈጸማቸው ጀብዱዎች ይኸኛው ሳይበልጥ አይቀርም።

አማቱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ እመጣለሁ» ብላ ስልኩን ስታስቀምጥ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተው ነበር። ባልና ሚስት እየተደናቀፉ ደረጃውን ወጡ። ቀያሹ አስገቢውን ቁልፍ ተጫነ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ታች ቃጭሉ «ቲን ቲን» ሲል ተሰማ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ፤ አሁን ማን ወርዶ፣ ምን ብሎ እንዳታነሣ ይከለክላታል?

ፉጨቱ መጣ። ጩኸቱ መጣ። ቆየ። ከዚያ እንደ ዝናብ ሹክ ሹክ ብሎ ፀጥ አለ፣ የሞደሟም መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ በሩ። ሚስቱ «ላክ! ላክ! ላክ!» እያለች ትከሻውን ጨመደደችው፤ ማመልከቻውም ሄደ። ብዙም ሳይቆይ «ደርሶናል» የሚል አጭር መልስ መጣላቸው።

ቀያሹ የሚስቱን እጅ ትከሻው ላይ እንዳለ ያዘው። «ግን እናትሽ ለምን አላነሡትም?» አላት በሹክሹክታ።

መልሱ ከታች፣ ከደረጃው ስር በሳቅ ታጅቦ መጣ።

«ልጆች! ሰማችሁ? አሁን አውርተን እንደጨረስን መልሳ ደወለች! ዓመት ሙሉ አስጠብቃኛለች፤ አላነሳላትም፣ ትንሽ እሪ ትበል!»