‹ሽቦ ትቀመጥ› የሚለው ባነር

ቡድኑ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ በተሸነፈ ማግስት፣ ከበሮ የእህቱን ማተሚያ ቤት በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ከበሮ የመጠሪያ ስሙ አይደለም። ሥራው ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። በሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ግን ትልቅ ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደጋፊውን ሲመራ ስለኖረ፣ እናቱ እንኳ ካልተቆጣችው በቀር በስሙ አትጠራውም።

ከኋላው የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ ተከትሎታል። ጸሐፊው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ዶክተር አለመሆኑን ደጋግሞ ቢናገርም ሰሚ ስላጣ፣ ዶክተር ሲሉት «አቤት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

እህትየው ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ የተጨማደደ ፕላስቲክ ታቃና ነበር። ባነር፣ ታፔላ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ታትማለች። የደጋፊ ማኅበሩን ባነር ሁሉ ያተመችው እሷ ናት፤ የሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም።

«ስድስት ሜትር» አለ ከበሮ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ። «ቀይ በነጭ ላይ። ለቅዳሜ ይድረስ።»

«ምን ይበል?»

«ሽቦ ትቀመጥ።»

እጇን ከፕላስቲኩ ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችው።

ሽቦ የቡድኑ አዲሷ ኳስ አደራጅ ናት፤ ፖይንት ጋርድ የሚሏት። ኳሱን ከኋላ ይዛ መጥታ ማን የት እንደሚቆም፣ ኳሱም ለማን እንደሚደርስ የምትወስነው እሷ ናት። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ትጎብጣለች እንጂ የምትሰበር አትመስልም። ሽቦ ያላትም ደጋፊው ራሱ ነው፣ በወደዳት ሰሞን። ከእሷ በፊት ቦታው የአንጋፋዋ ነበር። አንጋፋዋ ኳሱን እያነጠረች፣ እየተረጋጋች ትመጣና ቅርጫቱ ሥር ለቆመችው ረጅም ልጅ፣ ለምሰሶ፣ ትሰጣታለች። ምሰሶም ዞር ብላ ታገባለች፤ ወይም ትስታለች። ዓመት እስከ ዓመት እንደዚያ ነበር። አሁን አንጋፋዋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆና ፎጣ ታቀብላለች።

«አላትምም» አለች እህትየው።

«ምን አልሽ?»

«አላትምም ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ሌላ ጽሑፍ አምጣ፣ ዛሬውኑ አደርስልሃለሁ። ይሄ ግን በኔ ማሽን አይወጣም።»

ከበሮ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ሳቀ። «ሰማሃት? በትከሻዬ ተሸክሜ አዳራሽ ያስገባኋት ልጅ እኮ ናት!»

«እቴ፣ ስሜቱን ተይውና ነገሩን እንይ» አለ ዶክተሩ። «ባለፈው ጨዋታ ብቻ ስንት ኳስ አባከነች? ሰው በሌለበት ነው የምትወረውረው።»

«ሰው ሊደርስበት በሚገባ ቦታ ነው የምትወረውረው።»

«ሰው በሌለበት ቦታ የተወረወረ ነገር ምን ይባላል? ቆሻሻ ይባላል!» አለ ከበሮ።

እህትየው ባዶ የቀለም ጠርሙሶች ከመደርደሪያው አንስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ጥቁሩ ሽቦ፣ ሰማያዊው ምሰሶ፣ ቢጫው የተጋጣሚ ተከላካይ ሆነ።

«ይኸውልህ። ምሰሶ መጥታ ተከላካይዋን በሰውነቷ ትጋርዳታለች። ሽቦ በጎን ታልፋለች። አሁን ሁለት ተከላካዮች በሽቦ ላይ ይረባረባሉ። ታዲያ ምሰሶ ምን ማድረግ አለባት?»

«ወደ ቅርጫቱ መሄድ» አለ ዶክተሩ ሳያስበው።

«እሷ ግን ቆማ ታያለች! ለዓመታት ቁሚ ስትባል ነው የኖረችው። ሽቦ ኳሱን ስትሰድ ምሰሶ ገና ጋርዳ በቆመችበት ቦታ ናት። የማን ጥፋት ነው?»

ከበሮ ሰማያዊውን ጠርሙስ በጣቱ ገፋው። «ቆማ የምታይ መሆኗን ካወቀች፣ ለምን ለቆመችው አትሰጥም? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«በሃያ አራት ሰከንድ ውስጥ እግር ያወጣ እንቁላል አሳየኝና አትምልሃለሁ።»

ዶክተሩ ሳቁን ሊያፍን ሲል አስነጠሰው። ለአንድ ማጥቃት የሚፈቀደው ሃያ አራት ሰከንድ ነው፤ አንጋፋዋ ደግሞ አብዛኛውን የምትጨርሰው መሀል ሜዳ ላይ እንደነበር ሦስቱም ያውቁታል።

ከበሮ ግን አልሳቀም። ፊቱ ቀላ። «የማኅበሩ ውሳኔ ነው። አንቺ አታሚ ነሽ፣ አሰልጣኝ አይደለሽም።»

«አንተስ? የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀና ስትል ስድስት ሜትር ሙሉ ስድብ እንድታነብ ትፈልጋለህ። የራሳችን ልጅ እኮ ናት! ተጋጣሚ እንኳ እንዲህ አያደርጋትም።»

ወንድሟ ጠርሙሶቹን ደህና አድርጎ ወደ ቦታቸው መለሰና ወጣ። በሩን ግን ሳይዘጋው ሄደ፤ ሲናደድ እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባነሩ መንገድ ማዶ ባለው ማተሚያ ቤት ታትሞ ከላይኛው ረድፍ ተንጠልጥሏል። ቀለሙ አንድ ጥግ ላይ ፈስሷል፤ ያም ሆኖ ጽሑፉ ከሜዳው ማዶ ይነበባል። እህትየው እንደ ወትሮዋ ከከበሮው ቀጥሎ ወዳለው ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች።

«ዛሬ ሌላ ቦታ ብትቀመጪ ይሻላል» አላት ወንድሟ ሳያያት።

«ቲኬቴ ላይ የተጻፈው ይሄ ቁጥር ነው።»

«ሰው እየተነጫነጨ ነው። ማኅበሩን ከድታለች እያሉ ነው።»

«ይነጫነጩ። አልነሳም።»

ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሽቦ ሦስተኛ ሆና ወጣች። ቀና ብላ ባነሩን አየችው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሠረች፤ ፈትታ ደግማ አሠረች። ከዚያ ተነስታ መሮጥ ጀመረች። ደጋፊው ፉጨቱን ሲያቀልጠው እህትየው ብቻዋን አጨበጨበች። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጭብጨባዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ እጇ እስኪቀላ ግን አላቆመችም።

ጨዋታው ከባድ ነበር። ሽቦ ለምሰሶ የላከችው የመጀመሪያ ኳስ የምሰሶን ትከሻ መትቶ ወጣ። «ተቀመጪ!» አለ አዳራሹ። ሁለተኛው ኳስ በምሰሶ ጣት ላይ ተንሸራተተ። «ተቀመጪ!» ሽቦ ወደ ምሰሶ ሄዳ፣ ረጅሟን ልጅ በክርኗ ነካ አድርጋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት ከላይ ሆኖ የሰማ የለም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ተጋጣሚ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ኳሱ በሽቦ እጅ ነው። በጎን ሰንጥቃ ገባች፤ ሦስት ተከላካዮች ተከመሩባት። መወርወር ትችል ነበር። እሷ ግን ጥግ ላይ ብቻዋን ለቆመችው የቡድን ጓደኛዋ በሰዎቹ እግር መሀል አሾለከችላት። ኳሱ እጇ ላይ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ደረሰ። ጓደኛዋ ተረጋግታ አነጣጥራ ወረወረች፤ ኳሱ የብረቱን ቀለበት ዞሮ ዞሮ ወጣ። ፊሽካው ተነፋ።

አዳራሹ አንድ አፍ ሆነ። «ሽቦ! ሽቦ! ሽቦ ትቀመጥ!»

ያኔ ነው እህትየው ወንበሯ ላይ የወጣችው። ሰው ስታናግር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ የማሽኗ ጩኸት በቅቷት ነው መሰል።

«ያቀበለችው ትክክል ነው!» ብላ ጮኸች። «ትክክል ነው! ሦስት ሰው ላይ ትወርውር ነበር? ብቻዋን ለቆመችው ነው የሰጠችው! ትክክል ነው!»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ዞሮ «ተሸንፈን የምን ትክክል ነው!» አላት።

«ብንሸነፍም ትክክል ነው!»

ከበሮ ቀሚሷን ያዝ አድርጎ «ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ» አላት፤ በቁጣም በወንድምነትም። የሳተችው ልጅ እያለቀሰች ስትወጣ ሽቦ አንገቷን አቅፋ ይዛት ስትሄድ እህትየው አየች። ወረደች፤ ቦርሳዋን ያዘችና ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ተቀመጠች።

እሁድ ምሳ እናታቸው ቤት ነው። ልጆቿ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጨው እንኳ በእናታቸው በኩል ሲቀባበሉ፣ እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሰው ኳስ ይጫወታል፣ እናንተ ደግሞ ተሸክማችሁት ቤቴ ድረስ ትመጣላችሁ። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ከበሮ።

«አንተ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ መንጃ ፈቃድ ስንቴ ነው የወደቅኸው?»

«እማዬ! እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«የጎረቤት አጥር ይዘህ የገባህ ቀን ስድስት ሜትር ጨርቅ የሰቀለብህ ነበር?»

እህትየው ውሃ ትን አላት። ከበሮም ሳያስበው ሳቀ። ግን ሳቁ ክርክሩን አልጨረሰውም። ሲወጡ ደረጃው ላይ «የኔ ስህተት አጥር ነው ያፈረሰው፣ የሷ ግን ቡድን» አላት። «አጥሩም ቡድኑም ከመጀመሪያው የዘመመ ነበር» ብላው ሄደች።

በሚቀጥለው ጨዋታ አሰልጣኟ ሽቦን አስቀመጠች። አንጋፋዋ ገባች፤ እያነጠረች፣ እየተረጋጋች ለምሰሶ አቀበለች። ያን ቀን ምሰሶ እጇ የተባረከ ነበርና አሸነፉ። ከበሮ እስኪያልበው መታ። ሲያበቃ ወደ እህቱ ዞረ።

«አየሽ?»

«አየሁ። አሸነፍን፣ ደስ ብሎኛል። አሁንም ተሳስታችኋል።»

«ውጤቱ እየታየ?!»

«ውጤቱ የዛሬ ነው። እኔ የማወራህ ስለ ነገ ነው። የዛሬው ተጋጣሚያችን ደካማ ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ያሸነፈላቸው ከሱ ከበሮ ይልቅ የተጋጣሚው ድካም ነበር።

ጋዜጠኞች አሰልጣኟን ለምን ደጋፊውን እንደሰማች ሲጠይቋት «ልጅቷን ያሳረፍኳት ጉልበቷ ስላበጠ ነው» አለች። «ደጋፊ ይዘምር፣ ቡድን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሲሻላት ትገባለች።» ከበሮ ይህን በሬዲዮ ሲሰማ ተማሪው መኪናውን እያስነሳ ነበር። «አቁም» ብሎት የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ እንዳደረገ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ባነሩ አላስቀመጣትም ማለት ነው። ያበጠ ጉልበት ይዛ ነበር ያን ሁሉ ፉጨት የቻለችው።

ሽቦ የተመለሰች ዕለት ባነሩ አልተሰቀለም። ማን አይሰቀል እንዳለ የጠየቀ የለም። ዶክተሩ ጠጋ ብሎ ከእህትየው ጎን ተቀመጠ፤ «ከዚህ በኩል በደንብ ይታያል» የሚል ምክንያት ይዞ።

ሁለተኛው ሩብ ላይ ምሰሶ መጥታ ተከላካይዋን ጋረደች። ሽቦ በጎን አለፈች። ሁለት ሰው ተረባረበባት። ያንኑ ኳስ፣ ስንት ጊዜ የተፎጨበትን ኳስ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ቅርጫቱ ሥር ሰደደችው። ምሰሶ በዚህ ጊዜ አልቆመችም። ዞረች፣ በረጅም እግሯ ሁለቴ ተራመደች፣ ኳሱን አየር ላይ አግኝታ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ደገሙት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ምሰሶ አምልጧት ወጣ፤ የፎጨ ግን አልነበረም። ሽቦ እጇን አንስታ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ የእሷ እንዳልነበር ግን አዳራሹ ሁሉ አይቷል። ጨዋታውን በትንሽ ልዩነት አሸነፉ።

ወንድምና እህት አብረው ወጡ። ሰው እየተጋፋ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ይጎርፋል።

«ምሰሶ ማየት ጀመረች» አለ ከበሮ። «ልዩነቱ እሱ ነው። ምሰሶ ናት ያደገችው።»

«ማን አሳደጋት?»

«እሺ፣ አብረው አደጉ እንበል።»

«አንበል! ስሟን ጥራ።»

«ሽቦ» አለ፣ በግድ እንደሚውጥ ሰው። ትንሽ ሄዱ። ድንገት ቆም አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች አየሻቸው? የዋና ከተማው ክለብ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ለሷ ነው የመጡት። ሊወስዱብን ነው!»

እህቱ እስክትንበረከክ ሳቀች። «ባለፈው ወር ትቀመጥ ያልካትን?»

«ወንበር ላይ አልኩ እንጂ ሂጂ አልኩ እንዴ? የኛ ልጅ እኮ ናት!»

«ከመጡ ይምጡ፣ ከሄደችም ትሂድ» አለችው፣ አውቶቡሱ በሩን እየከፈተ። «እኔ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አይቻታለሁ። አንተ ገና ዛሬ ነው የጀመርከው።»