የማን ፀጉር ነው?

ፍልቅልቅ ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ኋላ ላይ ነገሩን የሰማ ሁሉ ይረግማታልና። ስሙን ያወጡላት የፀጉር ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሳቋ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጩኸት በላይ ይሰማል። እጇ ደግሞ ይባረክ የሚባልለት እጅ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ በአንዱ እጇ መቀስ በአንዱ እጇ ስልክ ይዛ ነው የምትውለው።

ጨዋታውን የጀመረችው ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰሞን ነው። ደንበኞች እንዲታጠብላቸው ትተውት የሚሄዱትን ዊግ አንዴ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ አንዴ የውሃ ጀሪካን ላይ ታጠልቅና ትቀርጻለች፤ ከዚያ «የማን ፀጉር ነው?» ብላ ገጿ ላይ ትለቀዋለች። ተመልካቹ ይገምታል፣ ይሳሳቃል፣ ለጓደኛው ይልካል። «ስም አልጠራሁ፣ ፊት አላሳየሁ፣ ማንን ጎዳሁ?» ትል ነበር፣ አንዳንዴ ነገሩ ከነከን ሲያደርጋት። ባለፀጉሮቹን ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ብትጠይቅ ምን እንደሚሏት ስለምታውቅ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ትናንት ከሰዓት ተራው የደረሰው መድኃኒት ቤት የምትሠራ የአንዲት ደንበኛ ሴትዮ ዊግ ነበር። ፍልቅልቅ ታጥቦ ገና እርጥቡን መወልወያ እንጨት ላይ ሰካችው፤ መወልወያውንም እንደ ሙሽራ አቅፋ ቤቱን እየዞረች አስጨፈረችው። ባልደረቦቿ በሳቅ ፈረሱ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚናደድባት። ሴትየዋ ለምን ዊግ እንደምታደርግ ከፍልቅልቅ በቀር ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ከጥቂት ወራት በፊት መጥታ፣ በሩን ዘግተሽ ስሚኝ ብላ፣ የቀድሞው ካንሰር እንደተመለሰባትና ሕክምናው ፀጉሯን መጨረሱ እንደማይቀር ነግራታለች። «ልጄ ያኔ ያየችው ይበቃታል» አለቻት። «ያን ጊዜ ትምህርቷን ጥላ ስታስታምመኝ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ፈተና አለባት። እስክትጨርስ ድረስ እንዳታውቅብኝ።» ፍልቅልቅም ሴትየዋን መስታወቱ ፊት አስቀምጣ፣ የገዛ ፀጉሯን እያየች ዊጉን አንድ በአንድ ከረከመችው፤ ክፍፍሉ ወደ ግራ፣ ግንባር ላይ የሚወርደው አጠር ብሎ በአንድ ወገን ዘንበል ያለ። ልጅቷ እንኳ አልነቃችም። እንግዲህ ያንን ቁርጥ የያዘ ሌላ ዊግ አገር ቢዞሩ አይገኝም። ሠሪዋ ይህን መርሳቷ ነው የሚገርመው።

አመሻሽ ላይ፣ ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ የሰዉን አስተያየት እየሳቀች ስታነብ አንዱ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። «ወይኔ፣ የእማዬን ፀጉር ቁርጥ!» ይላል። ከጎኑ ባለችው ትንሽዬ ፎቶ ላይ የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ አለች፤ አገጯ የሴትየዋ አገጭ ነው። ፍልቅልቅ ቪዲዮውን ወዲያው ከገጿ አጠፋችው። ለነገሩ ምን ያደርጋል፣ ሰው ተቀባብሎት አልቋል።

ጠዋት ሴትየዋ ሻሿን አስራ መጣች። ፊቷ ፈካ ብሏል።

«ምነው ከሳሽብኝ የኔ ቆንጆ? እንቅልፍ አልተኛሽም?» አለች ወንበሩ ላይ እየተመቻቸች።

«ደህና ነኝ እትዬ» አለች ፍልቅልቅ፤ ዊጉን አምጥታ ታለብሳት ጀመር።

«የኔዋ ጉደኛ ማታ ምን እንደነካት እንጃ። ‹እማ፣ ሻሽሽን አውልቂልኝ› አለችኝ። ቅባት ተቀብቻለሁ፣ ትራሱ ይበላሻል ብዬ ሸወድኳት። እሺ አለችና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አልጋዬ ላይ ወጥታ አቅፋኝ ተኛች። አደግኩ ብላ አጠገቤ መተኛት ካቆመች እኮ ቆይታለች።» ሴትየዋ መስታወቱ ውስጥ ለራሷ ፈገግ አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ደስ እንዳለኝ አደርኩ።»

ማበጠሪያው ፍልቅልቅ እጅ ላይ ቆመ። ዝም ብትል ሴትየዋ ደስ እንዳላት ትወጣለች፤ መርቃትም ትሄዳለች። ምርቃቱን ስታስበው አፈረች፣ ከልቧ አፈረች።

«እትዬ» አለች፣ «ልጅዎ አውቃለች።»

«ምኑን?»

ፍልቅልቅ ስልኳ ውስጥ የቀረውን ቪዲዮ ከፍታ ሰጠቻት። ሴትየዋ መወልወያው ሲጨፍር እስከ መጨረሻው አየች። ከስልኩ የሚወጣው ሳቅ ቤቱን ሞላው።

«የምትስቂው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ፍልቅልቅ ጥፊ ጠበቀች። እንዲያውም ተመኘችው፤ የእጇን አግኝታ ብትገላገል። ሴትየዋ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ልጄ መቼ ነው ያየችው?»

«ትናንት ሊመሽ ሲል።»

ሴትየዋ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያ ስታቅፈኝ መታመሜን አውቃ ነው» አለች። «ሻሹን አውልቂ ያለችኝ እንድነግራት ነበር። እኔ ደግሞ ቅባት ነው ብዬ መለስኳት። አጠገቤ ሆና፣ እንዳልሰማት ትንፋሿን ውጣ፣ ብቻዋን አደረች ማለት ነው።»

ዊጉን አውልቃ ሻሿን መልሳ አሰረች። የዛሬ ፈተናዋ ሳይጀመር ልድረስባት እያለች ቦርሳዋን አነሳች። ፍልቅልቅ በሩ ላይ ቀደመቻት።

«እትዬ፣ ልከተልዎት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልበላት።»

«ተይ» አለች ሴትየዋ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። «ዛሬ አንቺን ‹አይዞሽ› የምትልበት አቅም የላትም።»

ወጥታ በሩን ቀስ ብላ መለሰችው። ፍልቅልቅ እዚያው እንደቆመች፣ ምናለ በሩን እንኳ ብታላትመው ኖሮ እያለች አለቀሰች።