«መጣሁ» የተባለው ፀጉር አስተካካይ

«ዋጪው፣ ምንም አይልሽም» አለች አክስቷ፣ ነጩን ክኒን በመዳፏ ይዛ። «ወንድሜ ይቺን እየዋጠ አይደል ሃያ ዓመት ቆሞ ፀጉር የቆረጠው!»

ልጅቷ ያበጠ ጉልበቷን ትንሽ በርጩማ ላይ ዘርግታለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ጉልበቷን እያየ «ሐዘን ነው» ይላል። ሐዘን ጉልበት የሚያሳብጥ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሕዝብ በከዘራ ይሄድ ነበር።

«ቆይ እትዬ፣ በኋላ እወስደዋለሁ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? የእሱን ቁርጭምጭሚት ያስታገሰ ያንቺን ጉልበት ያቅተዋል?»

ከወዲያ በኩል የሟቹ የድሮ ደንበኛ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ሻዩን ፉት አለና ወሬውን ቀጠለ። «አንድ ቀን ግማሽ ጢሜን ላጨኝና "መጣሁ!" ብሎ እልም አለ። መንገደኛው በመስታወቱ እያየ ሲስቅብኝ ሃያ ደቂቃ! "መጣሁ" የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ ነን።»

ሰው ለቅሶ ቤትም ይስቃል፤ ተሳቀ።

«የት ይሄድ እንደነበር መቼ ጠፋን» አለ ከኋላ አንዱ፣ ያንሾካሾከ መስሎት። «ከሱቁ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ጋ ነዋ!»

አባቷ ይህን ሐሜት ያውቀው ነበር። አንድ ቀን ሱቁን ሲዘጉ «ውሽማ አለው ይሉሃል እኮ አባዬ» ብትለው፣ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይበሉ። ውሽማ አለው ተብሎ እኔ ጋ ጢም መላጨት አይቀርም። ተቅማጥ ያለበት ሰው ጋ ግን ማን ይመጣል?»

ደም የሚያስቀምጥ የአንጀት ቁስለት ነበረበት። ከሁለት ዓመት በፊት እሷም ላይ ያው በሽታ ተገኘ፤ ከእሱ በቀር የሰማ የለም። የአንጀት ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃታለች። «ይህ በሽታ መገጣጠሚያም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጉልበትሽ ወይ ቁርጭምጭሚትሽ ካበጠ ንገሪኝ። ሳታማክሪኝ የሕመም ማስታገሻ እየገዛሽ እንዳትውጪ፤ አንዳንዱ አንጀትሽን ይቀሰቅስብሻል።» ለአባቷ ስትነግረው እጁን አወናጨፈ። «እግር ሌላ፣ ሆድ ሌላ!» ለእግሩ አንድ ሐኪም ነበረው፣ ለሆዱ ሌላ። የእግሩ ሐኪም ስለ ሆዱ ሲጠይቀው «ድንጋይ ይፈጫል» ይል ነበር። እንዲህ እንደደበቀ ከአንጀቱ ደም ፈሶት ሞተ።

አሁን ተራው የእሷ ነው። ክኒኑን ብትውጠው ማንም ምንም አይጠይቃትም። እምቢ ካለች ግን ምክንያቱን ሃያ ሰው ፊት መናገር አለባት። ፊቷ ጋለ። አፍራም ቢሆን መኖር ፈለገች።

«አልወስደውም» አለች ጮክ ብላ። «አባዬ ውሽማ አልነበረውም። የሚሮጠው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ነበር። የአንጀት በሽተኛ ነበር፤ እግሩን ያሳብጠው የነበረውም እሱው ነው። እኔም ያው በሽታ አለብኝ። ይሄ ክኒን ለእንደኔ ዓይነቱ አይሆንም። ሰኞ ሐኪሜ ጋ ሄጄ ጉልበቴንም ሆዴንም አሳያለሁ።»

«ምላሴን በቆረጠው!» አለ ያ ከኋላ ያንሾካሾከው።

አክስቷ መዳፏን እያየች ቀረች። «እኔ ነኝ የምገዛለት የነበረው» አለች። «በየሳምንቱ። አሳዝኖኝ።»

«ደብቆሽ እኮ ነው እትዬ። በምን ታውቂ?»

«ለኔ ያልነገረ ለማን ሊነግር ነው?»

ልጅቷ እጇን ያዘቻት። አክስቷ ግን ብዙም አልቆየች፤ ክኒኑን ትሪው ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች። ከልጅቷ ወንበር እስከ ሽንት ቤቱ በር የተደረደሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ትጎትት ጀመር።

«ተነሱ፣ ተነሱ! ለልጄ መንገድ ልቀቁ!»

ሰዉ ሻዩን እንደያዘ ተነሳ። አስተማሪው ሊያግዛት ሲጠጋ በክርኗ ገፋ አደረገችው። መተላለፊያው ከተለቀቀ በኋላ የመጨረሻውን ወንበር ደገፍ ብላ ቆመች፤ «ወንድሜን» አለችና ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።